የኮሌጅ ፉትቦል ክፍያና ዝውውር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦሃዮ በአስተርጓሚነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ድሮ ወላጆች ይዘውልኝ የሚመጡት የሆስፒታል ደብዳቤና የኢሚግሬሽን ወረቀት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መታየት ጀምሯል፤ ልጃቸው ፉትቦል የሚጫወት ወይም በሩጫ ወደ ኮሌጅ የተጠራ ቤተሰብ የሚያመጣው የክፍያ ውል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ተነሣሁ። ፉትቦል ስል ሾጠጥ ያለውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተማሪዎች ጨዋታ አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

የሚጫወቱት ተማሪዎች ናቸው፤ ገንዘቡ ግን የተማሪ ገንዘብ አይደለም። በአን አርበር የሚገኘው የሚሺጋን ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ይሞላል። ከቲኬቱ የሚበልጠው ደግሞ የቴሌቪዥኑ ገቢ ነው። እስከ 1984 ድረስ የጨዋታዎቹን የቴሌቪዥን ስርጭት የሚቆጣጠረው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን ሲ ኤ ኤ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፤ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በዚያ ዓመት ረቱት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ እያሉ በመሠረቷቸው ማኅበራት በኩል የስርጭት መብታቸውን ራሳቸው ይሸጣሉ። ዛሬ የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢ ኤስ ፒ ኤን ለሻምፒዮናው የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ብቻ የስድስት ዓመት የ7.8 ቢሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል።

ከዚህ ገንዘብ አሰልጣኞች ድርሻቸውን ሲወስዱ ኖረዋል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ዋና አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት በውሉ መሠረት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍለው ዘንድ ግዴታ ነበረበት። ከሥራ ለተሰናበተ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ "ገንዘብ ገብቶ ጨዋታውን አበላሸው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ገንዘቡ ከገባ አርባ ዓመት አልፎታል፤ አሁን የተጨመረው የተጫዋቹ ድርሻ ብቻ ነው እላለሁ።

ታዲያ ተጫዋቾቹ ለምን አይከፈላቸውም ነበር?

ሕጉ "አማተር ናቸው" ስለሚል ነው። ከሕጉ ጀርባ ያለውን ታሪክ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1955 በኮሎራዶ ግዛት ፎርት ሉዊስ በሚባል ትንሽ ኮሌጅ የሚጫወት ሬይ ዴኒሰን የሚባል ወጣት ሜዳ ላይ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ እንደማንኛውም ሠራተኛ ቤተሰብ የሞት ካሳ እንዲከፈላት ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ኮሌጁ በፉትቦል ንግድ ላይ የተሰማራ አይደለም ብሎ አሰናበታት። በዚያው ዘመን የኤን ሲ ኤ ኤ ዋና ኃላፊ የነበረው ዋልተር ባየርስ "ተማሪ አትሌት" የሚለውን ስያሜ አወጣ። ስያሜው የተፈለገው እንዲህ ያለውን የካሳ ጥያቄ ለመከላከል እንደነበር በኋላ ራሱ አምኗል። እኔ ይህን ስም በተረጎምኩ ቁጥር ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች።

ከስኮላርሺፕ ውጭ አንድ ነገር የተቀበለ ይቀጣ ነበር። ሳዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎቹ ለተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ሲሰጡ ተገኝቶ የ1987 የውድድር ዘመኑ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። እኔ ባለሁበት በኦሃዮ ደግሞ እስካሁን የሚወራ ታሪክ አለ። ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን ባሸነፈ ቁጥር ለእያንዳንዱ ተጫዋች የአንገት ሐብል ላይ የምትንጠለጠል ጣት የማታህል የወርቅ ሱሪ ይሰጣል። በ2010 አምስት ተጫዋቾች ይህችን ሽልማታቸውንና ሌሎች የግል ዕቃዎቻቸውን ሸጠው፣ በለውጡም ንቅሳት ተነቅሰው በመገኘታቸው ለአምስት ጨዋታ ታገዱ፤ አሰልጣኙም በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። የገዛ ዕቃቸውን ነው የሸጡት።

ምን ተፈጠረና ተለወጠ?

ፍርድ ቤት ነው የለወጠው። የበላይ አካሉ በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነገር ጥቂት ነው። በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ በዩ ሲ ኤል ኤ ቅርጫት ኳስ ይጫወት የነበረው ኤድ ኦባነን በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የራሱን አምሳያ አይቶ፣ አንድ ሳንቲም እንዳልደረሰው ሲያውቅ በ2009 ከሰሰ፤ በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ፈረዱለት። በ2019 ካሊፎርኒያ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። በጁን 21 ቀን 2021 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ኤን ሲ ኤ ኤ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞችን መገደቡ የንግድ ውድድር ሕጉን ይጥሳል አሉ። ዳኛ ካቫኖ ለብቻቸው በጻፉት አስተያየት ኤን ሲ ኤ ኤ ከሕግ በላይ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ በአስር ቀን ውስጥ፣ ጁላይ 1፣ በሩ ተከፈተ።

ኤን አይ ኤል የሚሉት ምንድን ነው?

አንድ ተጫዋች ስሙን፣ ምስሉንና መልኩን ለማስታወቂያ የመሸጥ መብቱ ነው። የመኪና መሸጫ ማስታወቂያ ላይ መታየት፣ ማሊያ ላይ መፈረም፣ ሕፃናትን ማሠልጠን፣ በኢንስታግራም አንድ ዕቃ ማስተዋወቅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለብዙው ተጫዋች ገንዘቡ ትንሽ ነው። በ2024 ከአስር ዓመት በላይ ተቋርጦ የቆየው የኮሌጅ ፉትቦል ቪዲዮ ጨዋታ ሲመለስ፣ መልካቸውን የፈቀዱ ተጫዋቾች 600 ዶላርና የጨዋታውን አንድ ቅጂ አግኝተዋል።

ትልቁ ገንዘብ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ባለሀብት ደጋፊዎች ኮሌክቲቭ የሚባሉ ማኅበራት አቋቁመው፣ ስሙ "ማስታወቂያ" የሆነ ነገር ግን ተጫዋቹን ለማስፈረም የሚውል ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። በ2024 ቴነሲና ቨርጂኒያ ከሰው፣ ተጫዋቹ ትምህርት ቤት ከመምረጡ በፊት እንዲህ ያለ ድርድር እንዳይደረግ የሚከለክለውን ደንብ በፍርድ ቤት አሳገዱት። ከዚያ ወዲህ ድርድሩ በአደባባይ ሆነ።

አሁን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጁን 6 ቀን 2025 ያችው ዳኛ ዊልከን የሃውስ ክስ የተባለውን ስምምነት አጸደቁ። ስሙን ያገኘው ከአሪዞና ስቴት ዋናተኛ ከግራንት ሃውስ ነው፤ ዋናተኛ በከፈተው መንገድ ከሁሉ የበለጠ የተጠቀመው ፉትቦል መሆኑ ያስገርማል።

ስምምነቱ ሁለት ትልልቅ ነገር ይዟል። አንደኛው ያለፈው ዕዳ ነው፤ ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ አትሌቶች በአስር ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፈላል። ሁለተኛው የወደፊቱ ነው፤ ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በ2025-26 ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለአትሌቶቹ በቀጥታ ማካፈል ይችላል፤ ጣሪያው በየጊዜው ከፍ ይላል። ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ገንዘቡ ለሁሉም ስፖርት ነው ቢባልም በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አብዛኛው የሚሄደው ለፉትቦል ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የሚመጣ የማስታወቂያ ውል ደግሞ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኮሌጅ ስፖርትስ ኮሚሽን ለሚባለው አዲስ ተቋም መመዝገብ አለበት። ኮሚሽኑ ሥራው እውነተኛ ንግድ መሆኑንና ዋጋው ከገበያ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ያያል። እንዲህ ያለ ውል የቀረበለት ሰው ሳያስመዘግብ ቢቀር የሚቀጣው ልጁ ነው፤ ለምን የሚከፍለው ድርጅት እንደማይጠየቅ ወላጆች ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

የዝውውር ፖርታል እንዴት ይሠራል?

የአውሮፓን እግር ኳስ ለሚከታተል ሰው ልዩነቱን በማሳየት ማስረዳት ይቀላል። በአውሮፓ ተጫዋች ሲዛወር ገዢው ክለብ ለሻጩ የዝውውር ሂሳብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹም ውሉ እስኪያልቅ በክለቡ ሥር ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ለሻጩ የሚከፈል የዝውውር ሂሳብ የሚባል ነገር የለም። ልጁ "መዛወር እፈልጋለሁ" ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፤ ጽሕፈት ቤቱም በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን ፖርታል በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ያስገባል። ስሙ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ማንኛውም አሰልጣኝ ሊደውልለት ይችላል።

መዝገቡ የተከፈተው ኦክቶበር 15 ቀን 2018 ነው። ከዚያ በፊት ልጁ የአሰልጣኙን ፈቃድ መለመን ነበረበት፤ አሰልጣኙ "ወደዚህኛው ትምህርት ቤት እንዳትሄድ" ብሎ መከልከል ይችል ነበር። ከተዛወረም በኋላ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጣል። አሰልጣኙ ራሱ ግን ውሉን ጥሎ በማግስቱ ሌላ ቡድን ያሠለጥን ነበር። በ2021 ተጫዋቾች አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ እንዲዛወሩ ተፈቀደ፤ በዲሴምበር 2023 በዌስት ቨርጂኒያ አንድ የፌደራል ዳኛ የቀረውን ገደብ አገዱ፤ በአፕሪል 2024 ኤን ሲ ኤ ኤ ተቀብሎ ትምህርቱን እያለፈ ያለ ተማሪ የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር ፈቀደ። አሁን መደበኛው የፉትቦል የዝውውር መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ በ2026 ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ነበር። የጸደዩ መስኮት ቀርቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ ከ2022 እስከ 2025 በተከታታይ ያገኙት አራቱም ከሌላ ኮሌጅ የተዛወሩ ናቸው። ኬሌብ ዊሊያምስ፣ ጄደን ዳንየልስ፣ ትራቪስ ሃንተርና ፈርናንዶ ሜንዶሳ።

ኢንዲያና ሻምፒዮን የሆነው በገንዘብ ነው የሚሉት እውነት ነው?

በከፊል ነው፤ የኢንዲያና ታሪክ በደንብ መነገር አለበት። ይህ ዩኒቨርሲቲ በቅርጫት ኳስ የታወቀ፣ በፉትቦል ግን በሽንፈቱ ብዛት ስሙ ከሚነሣ ቡድን አንዱ ነበር። በ2023 ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ጄምስ ማዲሰን ከሚባል አነስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ከቀድሞ ቡድኑ ከአስር በላይ ተጫዋቾች በፖርታሉ ተከተሉት። በመጀመሪያው ዓመት 11 ጊዜ አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት ሜንዶሳን ከካሊፎርኒያ በርክሊ አመጣ፤ 16 ተጫውቶ 16 አሸነፈ፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 በማያሚ አቅራቢያ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በመጨረሻው ሩብ ሜንዶሳ በአራተኛው ሙከራ ኳሱን አቅፎ ሰዎች መሐል ገብቶ እየተንገዳገደ፣ እየተላተመ፣ በአየር ላይ ተዘርግቶ መስመሩን ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ገንዘብ ሰውን ወደ ሜዳ ሊያመጣ ይችላል፤ በሜዳ ላይ የሚሆነው ግን የራሱ የልጁ ነው ይላል።

ኢንዲያናን ያነሣሁት ዝውውሩ የድሮዎቹን ኃያላን ብቻ ይጠቅማል የሚለውን አስተያየት ስለሚቃወም ነው። ድሮ ደህና ተጫዋች ሁሉ ከአላባማና ከኦሃዮ ስቴት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቅ ነበር። አሁን ልጁ መጠበቅ አይፈልግም።

ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶችስ?

ይጎዳሉ። ኢንዲያና ሲያድግ ከአስር በላይ ልጅ ያጣው ጄምስ ማዲሰን ነው። አንድ ልጅ ማንም ሳያውቀው አሳድገው፣ ዓመት ሙሉ ክብደት አስነሥተው፣ ስሙ ሲወጣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ይወስደዋል፤ ለአሳዳጊው የሚከፈል ነገር የለም። በአውሮፓ ቢሆን አሳዳጊው ክለብ ከዝውውሩ ድርሻ ያገኝ ነበር፤ እዚህም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እደግፋለሁ፤ ገንዘቡ ከገዢው ዩኒቨርሲቲ እንጂ ከልጁ ኪስ እስካልወጣ ድረስ።

የሀብት ልዩነቱም አልጠፋም። የኦሃዮ ስቴት የስፖርት ኃላፊ ለ2024ቱ ቡድን ተጫዋቾች ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር መውጣቱን በይፋ ተናግረዋል፤ ያ ቡድን ዋንጫውን ወሰደ። ቴክሳስ ቴክ ደግሞ በነዳጅ ሀብት በበለጸገው የቀድሞ ተጫዋቹ በኮዲ ካምቤል አስተባባሪነት ገንዘብ አፍስሶ በ2025 ቢግ 12 የሚባለውን የኮንፈረንሱን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ፤ ከዚያም በሩብ ፍጻሜው ኦሪገን 23 ለ 0 አሸነፈው።

ውል ይፈረማል? ከተፈረመስ በኋላ ማንን ያስራል?

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ጥያቄ ይህ ነው። ባለፈው በጋ አንዲት እናት የልጃቸውን ውል ይዘው ቤቴ መጡ። ዘጠኝ ገጽ ነው። ቡናው እየፈላ፣ ልጁ አጠገባችን ስልኩን እያገላበጠ፣ እኔ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ይህ ስምምነት የሥራ ቅጥር አይደለም" ይላል። "ታዲያ ምንድን ነው?" አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው የልጁን ስምና ምስል ለመጠቀም የሚከፍለው ኪራይ ነው አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ "ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ የሚሮጠው ምስሉ ነው?" አሉ።

አምስተኛው ገጽ ላይ ልጁ ጊዜው ሳያልቅ ከተዛወረ የተወሰነ ገንዘብ እንደሚመልስ ተጽፏል። ስድስተኛው ገጽ ላይ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ውሳኔ ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ሊያቋርጥ እንደሚችል ተጽፏል። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። "እኛ ብንወጣ እንከፍላለን፤ እነሱ ቢያስወጡን ግን አይከፍሉም" አሉ። አዎን አልኳቸው። ጠበቃ ዘንድ ሄዱ፤ ጠበቃውም ቢያንስ ልጁ በጨዋታ ቢጎዳ ክፍያው እንዳይቋረጥ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባላቸው። ዩኒቨርሲቲው ያለ ክርክር ተቀበለ። ሳይጠየቅ ግን አልጻፈውም።

እነዚህ አንቀጾች ፍርድ ቤት መድረስ ጀምረዋል። ዊስኮንሲን ተጫዋቼን አባብሎ ወሰደብኝ ብሎ ማያሚን በጁን 2025 ከሰሰ። ጆርጂያ ወደ ሚዙሪ ከተዛወረው ተጫዋቹ 390,000 ዶላር ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲ የራሱን የቀድሞ ተማሪ ሲከስ ማየት እስከ ትናንት ያልተለመደ ነገር ነበር።

የማይፈጸም ተስፋም አለ። በ2023 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ የነበረ አንድ ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ፈርሶበት ጉዳዩ ክስ ሆኗል። በ2024 በላስ ቬጋስ አንድ ኳርተርባክ ቃል የተገባልኝ አልተከፈለኝም ብሎ ቡድኑ ሦስቱን ጨዋታ አሸንፎ ሳለ በውድድሩ መካከል ወጥቶ ሄዷል፤ ዩኒቨርሲቲው ክሱን አልተቀበለም። በቃል የተነገረን ነገር ገንዘብ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ለምን ተቀጣሪ ተብለው በኅብረት ስምምነት አይተዳደሩም?

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በ2014 የኖርዝዌስተርን ተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ጠይቀው የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ የአካባቢ ኃላፊ ተቀጣሪ ናችሁ አላቸው፤ በ2015 ዋናው ቦርድ ጉዳዩን አላይም ብሎ ተወው። በ2024 ደግሞ አንድ የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የኮሌጅ አትሌቶች በሠራተኛ ሕግ ተቀጣሪ ሊባሉ እንደሚችሉ በር ከፈተ። በፕሮፌሽናሉ ሊግ የደመወዝ ጣሪያና የዝውውር ገደብ በፍርድ ቤት የማይፈርሰው ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል ተደራድረው ስለፈረሙበት ነው። በኮሌጅ ግን ደንቡን አንደኛው ወገን ብቻውን ያወጣል፤ ሌላኛው ይከሳል፤ ዳኛ ያፈርሰዋል። ዝውውሩን ልቅ ያደረገው ይህ እንጂ የልጆቹ ስግብግብነት አይደለም።

ስኮላርሺፕ ሳይኖረው በራሱ ከፍሎ የሚጫወት ልጅስ?

ዎክ ኦን የሚባሉት ናቸው፤ በዚህ ለውጥ ድምፃቸው ያልተሰማው እነሱ ናቸው። ድሮ የፉትቦል ቡድን 85 ስኮላርሺፕ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን የፈለገውን ያህል በራሱ የሚከፍል ተጫዋች መያዝ ይችል ነበር። በሃውስ ስምምነት ስኮላርሺፑ ገደቡ ተነሥቶ የተጫዋቾቹ ብዛት ግን በ105 ተገደበ። ብዙ ቡድን ከ120 በላይ ልጅ ስለነበረው የቀሩት መውጣት ነበረባቸው።

የጎረቤታችን ልጅ አንዱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱ በታክሲ፣ እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ ተረኝነት እየሠሩ ከፍለውለታል። በጨዋታ ቀን ሜዳ የገባው ለሁለት ደቂቃ ነው፤ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ያንን ሁለት ደቂቃ በስልክ ቀርጾ ይዞታል። በ2025 ጸደይ አሰልጣኙ ቢሮ ጠርቶ አመሰግናለሁ አለው፤ እንደነገረኝ አምስት ደቂቃም አልፈጀም። ማሊያውን አጥቦ፣ አጥፎ፣ በላስቲክ አድርጎ መለሰ። ዳኛ ዊልከን ይህን ጉዳይ አንሥተው በአፕሪል ስምምነቱን ለጊዜው አዘግይተውት ነበር፤ በእርሳቸው ግፊት የተቀነሱት ልጆች ከ105ቱ ሳይቆጠሩ ሊመለሱ እንደሚችሉ ተጨመረ። መመለሱ ግን የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ነው፤ ጎረቤታችንን የጠራው አልነበረም። ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስታዲየም አይሄድም።

ሴቶችና ሯጮችስ ምን ይደርሳቸዋል?

ከ2.8 ቢሊዮኑ ዕዳ ውስጥ የብዙው ክፍል አከፋፈል 75 በመቶ ለፉትቦል፣ 15 በመቶ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ የቀረው 5 በመቶ ለሌላው ሁሉ ነው። ከ1972 ጀምሮ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ይህን ይፈቅዳል ወይ የሚለው ገና በክርክር ላይ ነው። ለእኛ ልጆች ይበልጥ የሚቀርበው ሩጫ ነው፤ በዚሁ በሃውስ ስምምነት በአገር አቋራጭ አንድ ቡድን ከ17 አትሌት፣ በትራክ ከ45 አትሌት በላይ አይዝም። ሰዓቱ መካከለኛ የሆነ ልጅ ድሮ ቡድን ውስጥ ገብቶ ያድግ ነበር፤ አሁን ቦታው ጠብቧል። አሰልጣኙን በመጀመሪያው ስልክ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረው ይጠይቁት።

ልጄ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው፤ ክፍያ መቀበል ይችላል?

እባካችሁ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ኤፍ ዋን ቪዛ ያለው ተማሪ ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም፤ የኢሚግሬሽን ደንቡም የተጻፈው እንዲህ ያለ ክፍያ ባልነበረበት ዘመን ነው። አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ሠርቶ መቀበል ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ይህ አይመለከተውም። አንዳንድ የውጭ አገር አትሌቶች ማስታወቂያውን በዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ ይሠራሉ፤ ይህም ቢሆን የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። አሰልጣኝ "ችግር የለውም" ቢልም አሰልጣኝ የቪዛ ባለሙያ አይደለም።

ግብር አለው?

አለው። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ 1099 በሚባለው የግብር ቅጽ ስለሚመጣ ማንም ግብሩን አስቀድሞ አይቆርጥለትም። ልጁ በግል ሥራ እንደሚተዳደር ሰው ይቆጠራል፤ የተጣራ ገቢው 400 ዶላር ከደረሰ ያሳውቃል፤ ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ በግል የሚሠራ ሰው የሚከፍለው 15.3 በመቶ አለ። በነጻ የተሰጠው መኪናም ገቢ ነው። እኔ ለሁሉም የምመክረው ገንዘቡ ባንክ በገባበት ቀን ሲሶውን በሌላ ሂሳብ ማስቀመጥ ነው።

ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ደግሞ ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ካለው የተማሪው ገቢ ግማሹ ቤተሰቡ ለትምህርት ሊከፍል እንደሚችለው ገንዘብ ይታሰባል። የሚታየውም የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ስለሆነ፣ ዛሬ ያገኘው ገንዘብ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ክፍያው ከቆመ በኋላ፣ የመንግሥት ድጋፉን ሊያስቀንስበት ይችላል።

ኤጀንት ያስፈልገዋል?

ውል የሚያነብ ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ በሰዓት ከፍሎ መገላገል ይቻላል። በፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤጀንት ከተጫዋች ውል ከ3 በመቶ በላይ መውሰድ አይፈቀድለትም። በኮሌጅ እንዲህ ያለ ወጥ ገደብ የለም፤ 20 በመቶ የሚጠይቁ አሉ። ከሁሉ የከፋው ከወደፊት ገቢ፣ ማለትም ልጁ ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ ከሚያገኘው ላይ ድርሻ የሚጠይቅ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን አይፈርሙ።

ኮንግረስ ሕግ ሊያወጣ ነው ይባላል፤ እንጠብቅ?

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁላይ 2025 ስለ ኮሌጅ ስፖርት ትእዛዝ ፈርመዋል፤ በምክር ቤቱም ለኤን ሲ ኤ ኤ ከክስ ከለላ የሚሰጥና አትሌቶች ተቀጣሪ እንዳይባሉ የሚያደርግ ረቂቅ ቀርቦ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለድምፅ ሊቀርብ ሲል ከአጀንዳው ወጥቷል። የውልዎ ቀን ሕግ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ አይጠብቁ።

ልጄ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ገንዘብ አቅርቦለታል፤ ይሂድ?

ይሂድ ወይም አይሂድ አልልም፤ ከመሄዱ በፊት የትምህርት መዝገቡን ይዞ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ስንት ክሬዲት እንደሚቀበለው በጽሑፍ ይጠይቅ። አንድ የማውቀው ልጅ በሦስት ዓመት ሦስት ዩኒቨርሲቲ ቀይሯል። ኢንጂነሪንግ ነበር የጀመረው። በሁለተኛው ቦታ ሁለት የሒሳብ ኮርሶች አልተቀበሉለትም፤ በሦስተኛው ደግሞ ልምምዱ ከላቦራቶሪው ሰዓት ጋር ስለተጋጨበት የትምህርት ክፍሉን ለወጠ። ገንዘቡን በደንብ ይዞታል፤ ለእናቱ የቤት ቅድመ ክፍያ ከፍሏል፤ በዚህ እኮራበታለሁ። ባለፈው ወር ግን የድሮ ትራንስክሪፕቶቹን አንድ ላይ አድርጌ እንዳይለት ሦስቱንም ይዞ መጥቶ፣ በእርሳስ የጠፉትን ክሬዲቶች ስንደምር 27 ሆኑ። "አንድ ዓመት ማለት ነው" አለኝ። ውሉ ላይ ስለ ክሬዲት የተጻፈ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ የለም። አሁን አራተኛ ጥሪ ቀርቦለታል፤ ወረቀቱን ቅዳሜ ይዞ እንዲመጣ ተቀጣጥረናል።